የተዋናዩ የመደራጀት ጥያቄ በደሴና በኮምቦልቻ

ሠራተኛ ማነው የሚል ጥያቄ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ የሚያመራው ወደ ፋብሪካው በር፣ ወደ መኪናው ድምፅና ወደ ቱታው ነው። ማታ መብራት በርቶ መጋረጃ ሲገለጥ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሌላውን ሰው ሐዘንና ሳቅ በገዛ ሰውነቱ የሚገልጸው ተዋናይ ከዚህ ሥዕል ውጭ ይቀራል። ቋንቋችንም ለዚህ የበኩሉን ድርሻ ሳያበረክት አልቀረም፤ የተዋናዩን ሥራ “ጨዋታ” ብሎ ሰይሞታልና። የሚጫወት ሰው ደግሞ ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ የጉዳት ካሣ ብሎ መጠየቁ ለሰሚው እንግዳ ነገር ይሆንበታል።

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች በመድረክ ሥራ የሚያድሩ ወይም ለማደር የሚጥሩ ሰዎች አሉ። ከነዚህ አንዱን የሙያ ጓደኛው መጥቶ “የተዋንያን ማኅበር ልናቋቁም ነው፤ ስምህን እናስገባ ወይ?” ቢለው ምን ይመልስ? ጥያቄው በአንድ ሙያ አጥር ውስጥ የታጠረ ይመስላል። ነገር ግን በየቀበሌው አዳራሽ ተውኔት የሚመለከተውን ነዋሪና በየፋብሪካው በዓል ላይ ከያኒ የሚጋብዘውን ሠራተኛ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ፣ በሰፊው ልንወያይበት ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ተዋናዩ መግባት አለበት የሚል ነው። ይሁን እንጂ “ተደራጁ” የሚለውን ቃል ደጋግሞ ማስተጋባት ብቻውን የማንንም ምጣድ አሰምቶ አያውቅም። ከቃሉ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተዋናዩ አሠሪ ማነው? የሚል ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ይህን ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም፤ መልሱ በበሩ ላይ ተጽፎለታል። ለተዋናዩ ግን የችግሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ እንመልከት። ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ቦርከና ከሚያልፍባት ከኮምቦልቻ ለመድረስ የሚኬደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች የተተከሉባት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት የሠራተኛ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር፣ የኅብረት ስምምነት፣ የማኅበር መዋጮ የሚሉት ቃላት የመጽሐፍ ቃላት አይደሉም፤ በሻይ ሰዓት የሚነገሩ ናቸው።

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን በቁጥር ደንግጎለታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ይባዛል። በሳምንት የዕረፍት ቀን በ2 ይባዛል። በሕዝብ በዓል ቀን ሲሆን በ2.5 ይባዛል። ሠራተኛው ይህን በቃሉ ያውቀዋል፤ ደመወዝ ከፋዩ ቢያሳስት ያስታውሰዋል።

ተዋናዩስ? የእርሱ ሥራ የሚደምቀው ሌላው ሲያርፍ ነው። ምሽት፣ እሑድ፣ መስከረም 1፣ ገና፣ ፋሲካ፣ ዒድ። በወሎ ምድር የሁለቱም ሃይማኖት በዓላት የሁሉም በዓል እንደ መሆናቸው፣ የወሎ ተዋናይ የበዓል ሥራው ከሌላው አካባቢ ተዋናይ ቢበዛ እንጂ አያንስም። ሕጉ በጣም ውድ ናቸው ብሎ የፈረጃቸው ሰዓቶች ሁሉ ለተዋናዩ የዘወትር የሥራ ሰዓቶቹ ናቸው። የሚከፈለው ግን ጋባዡ እጁ ላይ ያገኘውን ነው። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ሲከበር፣ ስለ ሠራተኛው መብት የተዘጋጀውን አጭር ተውኔት ለመጫወት ከደሴ የሚወርደው ተዋናይ በዚያች ዕለት አዳራሽ ውስጥ ካሉት ሰዎች መካከል ውል በእጁ የሌለው ምናልባት እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ቅራኔ ነው፤ ያውም ለማየት ጥልቅ ትንተና የማያስፈልገው ቅራኔ።

ወደ ሕጉ እንመለስ። ሕጉ ተዋናዩን በአንድ ስም አይጠራውም፤ በሦስት ቦታ ከፍሎ ያስቀምጠዋል።

የመጀመሪያው ክፍል በመንግሥት የባህል ቡድን ወይም በመንግሥት ቴአትር ቤት በደመወዝ የተቀጠረው ከያኒ ነው። ይህ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ አዋጅ 1156 አይመለከተውም። ዕድገቱም ቅጣቱም የሚወሰነው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ቢደነግግም፣ በሠራተኛ ማኅበርነት ተመዝግቦ የኅብረት ስምምነት የሚደራደርበት መንገድ በአዋጅ 1156 አልተከፈተለትም። ሁለተኛው ክፍል አንድ የግል ድርጅት፣ ሆቴል ወይም የፕሮሞሽን ድርጅት በአመራሩ ሥር አድርጎ የሚያሠራው ነው። ሦስተኛው ራሱን ችሎ፣ በራሱ የሙያ ኃላፊነት፣ ዋጋ ተነጋግሮ የሚሠራው ነው። አዋጁ ይህን የመጨረሻውን በግልጽ ከወሰኑ ውጭ አድርጎታል።

ከደሴ ተዋናይ ብትጠይቁት ራሱን በሦስተኛው ክፍል ሊመድብ ይችላል። “እኔ ነፃ ባለሙያ ነኝ” ይላችኋል፤ ሲናገረውም የኩራት ቃና አለበት። ኩራቱን ልናዋርድበት አንሻም። ነገር ግን የነፃነቱን ይዘት መመርመር ይገባል። ሕጉ የሥራ ውልን የሚለየው በአንድ ዋና ምልክት ነው፤ አንድ ሰው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ ወይም የተወሰነ ሥራ ለመሥራት፣ በደመወዝ ሲስማማ የሥራ ውል አለ ይላል። እንግዲህ የልምምዱን ሰዓት የሚወስነው ማነው? በየትኛው በር ገብቶ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚለብስ፣ መቼ ዝም እንደሚል የሚያዝዘው ማነው? አዘጋጁ ነው። አዘጋጁን ያሰማራው ደግሞ ገንዘብ ያወጣው ድርጅት ነው። ከተዋናይ በላይ በሌላ ሰው አመራር ሥር የሚሠራ ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ቃሉ እንኳ የእርሱ አይደለም፤ የደራሲው ነው!

በመሆኑም ብዙው “ነፃ ባለሙያ” በሕግ ዓይን ቢመረመር ለአንድ ወር ወይም ለአንድ ተውኔት የተቀጠረ ሠራተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የቃል ስምምነትም ቢሆን የሥራ ውል ከመሆን አይከለከልም። እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት በጽሑፍ አድርጎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን መብት ይዞ ብቻውን ወደ ጋባዡ የሚሄድ ተዋናይ ግን መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል፦ “ካልተመቸህ ሌላ አለ።” መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ የሚያስፈጽመው ኃይል የለም። የማኅበር ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ማኅበሩ በምን መልክ ይቋቋም? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሙያ ማኅበር ማቋቋም ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር ሥልጠና ይሰጣል፣ ዐውደ ጥናት ያዘጋጃል፣ የሙያውን ክብር ያስጠብቃል። በአዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ቴአትር ባለሙያዎች ማኅበር የዚህ ዓይነት ነው። ሁለተኛው የሠራተኛ ማኅበር ነው። አንድ ድርጅት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ሲኖሩት በዚያው ድርጅት ማኅበር ይቋቋማል፤ ከአሥር በታች ሠራተኞች ባሏቸው ልዩ ልዩ ድርጅቶች የሚሠሩ ደግሞ በአንድነት ተሰባስበው ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ሊያቋቁሙ ይችላሉ፤ አባላቱ ከአሥር እንዳያንሱ እንጂ። ዛሬ በአንዱ ሆቴል፣ ነገ በሌላው የፕሮሞሽን ድርጅት፣ ከነገ ወዲያ በአንድ ፋብሪካ በዓል ለሚሠራ ተዋናይ ሕጉ የተወለት በር ይህ ነው። ጠባብ በር ነው፤ ሆኖም አልተቆለፈም።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስም ልዩነት አይደለም። የሙያ ማኅበር ሊለምን ይችላል፤ የሠራተኛ ማኅበር ሊደራደር ይችላል። ኮምቦልቻ ያለው አንባቢ ይህን ከኛ የበለጠ ያውቀዋል።

አሁን የተዋናዩን ማመንታት እንመልከት፤ ማመንታቱን በ“ንቃት ማነስ” ብቻ መተርጎም ቀላልና የተሳሳተ ነውና።

ከማመንታቱ አንዱ ሥር ያለው በታሪክ ውስጥ ነው። በፊውዳሉ ሥርዓት አዝማሪው በግብዣ ላይ ይፈለግ ነበር፤ በማዕድ ግን ከጌታው ጎን አይቀመጥም ነበር። በየሰፈሩ በንጋት እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎችም ምርቃታቸው ይፈለግ ነበር፤ ልጅን ለእነርሱ መዳር ግን የሚታሰብ አልነበረም። አዝማሪዎች ግን ሙሉ በሙሉ ያልተደራጁ ነበሩ ማለት ስሕተት ነው። የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ ነበራቸው፤ ከሰው ፊት ቆመው ስለ ክፍያው እርስ በርስ የሚመካከሩበት፣ ሙያውን ለልጅ የሚያወርሱበት ሥርዓት ነበራቸው። ንቀቱ ባሰ ቁጥር ኅብረታቸው ተደብቆ ኖረ። የዛሬው ተዋናይ “እኔ አርቲስት ነኝ፤ የጉልበት ሠራተኛ አይደለሁም” ሲል ከዚያ ንቀት ለማምለጥ የሚሞክር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከአዝማሪነት ንቀት ሸሽቶ ወደ ሠራተኛነት ስም መግባት ከድጡ ወደ ማጡ ይመስለዋል። (ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት ታላቁ የግብር አዳራሽ “አይጠየፍ” መባሉን ስናስብ፣ ያ ስም በመድረክ ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይፈጸም እንደ ቀረ መታዘብ እንችላለን።)

ሌላው ሥር ቅርብ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ተቋቋመ። የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድን እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ ድምፃውያን የታወቁበት ሲሆን፣ የወሎን ቅኝቶች ከአካባቢያቸው አውጥቶ በአገር መድረክ ላይ አቆመ። አምባሰልና ባቲ የቦታ ስም ብቻ መሆናቸው ቀርቶ በመላ አገሪቱ የዜማ ስም ሆነው የጸኑት ከዚህ ምድር ነው። ይህ የማይካድ ውጤት ነው። ነገር ግን ያ ዘመን ለከያኒው መድረክ ሰጠው እንጂ የመደራደር ድምፅ አልሰጠውም። የሚጫወተውን የሚወስንለት፣ የሚሄድበትን የሚያዝዝለት ሌላ ነበር።

በሠራተኛ ማኅበራትም በኩል የሆነው ከዚህ የተለየ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1968 ዓ.ም. ፈርሶ፣ በ1969 ዓ.ም. የመላ ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተተካ። አዲሱ ማኅበር በአባላት ብዛት ትልቅ ነበር፤ ሆኖም የሠራተኛውን ጥያቄ ወደ ላይ ከማድረስ ይልቅ ከላይ የመጣውን መመሪያ ወደ ታች ማስተላለፍ ዋና ተግባሩ ሆነ። ዛሬ ዕድሜው የገፋ የመድረክ ሰው “ማኅበር” የሚለውን ቃል ሲሰማ ትዝ የሚለው የግዴታ ስብሰባና ከደመወዝ የምትቆረጥ መዋጮ ቢሆን ሊፈረድበት አይገባም። ለዚህ ሰው መልስ የሚሆነው ስብከት ሳይሆን የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። መሪው በስንት ዓመት ይመረጣል? በምን ሁኔታ ይወርዳል? ገንዘቡን ማን ይመረምራል? ይህ ካልተጻፈ አይፈርም፤ ባይፈርምም ልክ ነው። አሠሪ ማንንም ሠራተኛ ማኅበር ግባ ወይም አትግባ ብሎ እንዳያስገድድ ሕጉ ይከለክላል፤ በማኅበር አባልነት ምክንያት ውልን ማቋረጥም ተቀባይነት የለውም። ማኅበሩም ራሱ በፈቃድ ላይ ካልቆመ የቀድሞውን ስሕተት ይደግማል።

የሌላው ዓለም ልምድስ ምን ያሳየናል? በኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1913 አንድ መቶ አሥራ ሁለት ተዋንያን ተሰብስበው የተዋንያን ማኅበራቸውን፣ ኢኩዊቲን፣ መሠረቱ። በዚያን ጊዜ በዚያች የሀብት ከተማ ተዋናይ ለልምምድ ሳምንታት አይከፈለውም ነበር። ብዙ ጊዜ የመድረክ ልብሱንም የሚገዛው በራሱ ኪስ ነበር። ተውኔቱ በሌላ ከተማ ሳይታሰብ ቢቆም ወደ ቤቱ የሚመለስበት የባቡር ዋጋ የእርሱ ራስ ምታት ነበር። የደሴ አንባቢ ይህን ሲያነብ የመቶ ዓመት በፊት ታሪክ መስሎ ላይሰማው ይችላል።

የቴአትር ባለቤቶች ማኅበሩን ሊቀበሉት አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1919 ተዋንያኑ ሥራ አቆሙ። ታዋቂው ተዋናይና የቴአትር ባለቤት ጆርጅ ኮሃን ከባለቤቶቹ ጎን ቆመ። ለማኅበሩ ተቀናቃኝ የሆነ ሌላ ማኅበርም ተቋቋመ፤ የዚያ ወገን መከራከሪያ ዛሬ እኛ ዘንድ የሚሰማው ነው፦ ተዋናይ አርቲስት ነው፤ እንደ ወዛደር አይደራጅም። አድማው አንድ ወር ፈጀና ባለቤቶቹ ውሉን ፈረሙ። ሦስት ሺህ የማይሞላ የነበረው የማኅበሩ አባል ወደ 14 ሺህ ገደማ ደረሰ። ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ግን ድሉ የተገኘበት ምክንያት ነው። ከመጋረጃ ጀርባ መብራት የሚያበሩት፣ ትዕይንት የሚያቆሙትና ሙዚቃ የሚያጅቡት ሠራተኞች ከተዋንያኑ ጋር ሥራ ማቆማቸው ነበር። ተዋናይ ሲጎድል ተተኪ ይፈለግ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ግን አዳራሹ ጨለማ ነው። በደሴም በወሎ ባህል አምባም ይሁን በሆቴል አዳራሽ ድምፅና መብራት የሚሠራው ወጣት ከተዋናዩ ተለይቶ የሚታይ መሆን የለበትም። “ይህ የተዋንያን ማኅበር ነው፤ ቴክኒሻን አይመለከተውም” የሚል ማኅበር ከተወለደ ገና በተወለደበት ቀን አንድ እጁን ቆርጧል።

የብሪታንያው ልምድ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተው የዚያ አገር ተዋንያን ማኅበር ከጊዜ በኋላ ብርቱ ሆነና የማኅበሩ ካርድ የሌለው ሰው መድረክ ላይ እንዳይወጣ እስከ ማድረግ ደረሰ። ካርድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ካርድ ያስፈልጋል። ጀማሪው በሁለቱ መካከል ተንጠለጠለ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 እ.ኤ.አ. የወጡ ሕጎች ይህን አሠራር አስቀሩት፤ ሕጎቹን ያወጣው መንግሥት ለሠራተኛ ማኅበራት ፍቅር ኖሮት አልነበረም፤ ማኅበሩ ግን በራሱ አጥር ምክንያት የሚከላከልለት ሕዝባዊ ወዳጅ አንሶት ተገኘ። በደሴ የትምህርት ቤት የቴአትር ክበባትና የቀበሌ ወጣቶች በነፃ ይጫወታሉ። “እነዚህ ዋጋ ይሰብራሉ፤ ይታገዱ” የሚል ድምፅ በማኅበሩ የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ቢሰማ አያስገርምም። መስማት የለበትም። እነዚያ ወጣቶች የነገዎቹ አባላት ናቸው፤ የመድረክ ተመልካችም የሚፈጠረው ከነሱ ነው። ዋጋ የሚሰብረው በነፃ የሚጫወተው ተማሪ አይደለም፤ መግቢያ ትኬት እየሸጠ ተማሪውን በነፃ የሚያጫውተው ነጋዴ ነው። ልዩነቱ ትኬቱ ላይ ነው!

አድማን በተመለከተ ግልጽ መሆን አለብን። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን 118 ቀን ሥራ አቁመው ውል ሲያስለውጡ፣ ከፊታቸው የቆሙት በቢሊዮን የሚነግዱ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ሥራ ሲቆም የሚከስር አካል ነበር። በደሴ ግን ተዋናይ አንድ ወር ቢያድም ምን ይከሰታል? አዳራሹ ለሰርግ ይከራያል። ከዚህ የተነሣ ማኅበሩ ከኒውዮርክ ሊቀዳ የሚገባው አድማውን ሳይሆን ወረቀቱን ነው፤ ማለትም አንድ ወጥ የሆነ የውል ቅጽ፣ ከዚያ በታች ማንም አባል የማይፈርምበት።

የውሉን ነገር እንዲህ ማጉላታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ፣ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ማስፈጸሚያ ደንቡ ስብሰባን ከለከለ፤ አሠሪዎችም ከወጣው የአሠራር ሥርዓት ውጭ ሠራተኛ እንዳይቀንሱ አገደ። የፋብሪካው ሠራተኛ ይህ ጥላ ነበረው። አዳራሽ የተዘጋበት ተዋናይ ግን ውል ስላልነበረው የሚቋረጥ ውልም አልነበረውም፤ እገዳው ሊከላከልለት የሚችል ነገር በእጁ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደርሶ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ተይዘው ቆዩ። ነዋሪው ተፈናቀለ፤ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ሰው ሲመለስ ደመወዝተኛ የሆነው ስሙ የሰፈረበት መዝገብ ይፈለግለታል፤ በየምሽቱ እየተጠራ የሚሠራው ሰው ግን የሚፈለግለት መዝገብ የት አለ? የማኅበር የመጀመሪያ ጥቅሙ የአባላቱ ስም ዝርዝር በአንድ ቦታ መኖሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወሎዬ ይህን ለመረዳት ከውጭ አገር ምሳሌ አያስፈልገውም፤ ቅሬ አለውና። በሌላው አካባቢ ዕድር የሚባለው፣ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት የሚቀበርበትና የሚረዳዳበት ቅሬ፣ አባሉ በቀብር ካልተገኘ ይቀጣል፤ ምክንያቱም የአንዱ መቅረት የሌላውን ሸክም ያከብዳል። በቅሬው ሳይገባ ቀብሩ ሲደርስ ብቻ ቅሬውን የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ማኅበሩ ታግሎ ያስገኘው የውል ቅጽ ለሁሉም ተዋናይ ሲሠራ፣ መዋጮ ሳይከፍል በቅጹ የሚጠቀመው ተዋናይ ከዚህ ሰው የሚለይበት ነገር የለም። ይሁንና ቅሬና የሠራተኛ ማኅበር አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ቅሬው ጎረቤቶቹን ከሞት ጋር ያስታርቃል፤ የሚደራደረው ባላጋራ የለውም። ቅሬ የለመደ ሰው ማኅበሩንም የታመመ አባል መጠየቂያ ብቻ አድርጎ ሊያስቀረው ይችላል። ያ መልካም ሥራ ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

አንድ ነገር በተጨማሪ። የመድረክ ሥራ በዚያች ምሽት አልቆ የሚቀር መሆኑ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ካሜራ በኪሱ አለ፤ የደሴ ተውኔት በማግስቱ በበይነ መረብ ይሰራጫል፤ ከሥርጭቱ የሚገኘው ገንዘብ ግን ወደ ተዋናዩ አይደርስም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙ ክዋኔው እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት ሰጥቶታል። ይህንን መብት አንድ ሰው ከአንድ ሺህ ስልክ ጋር እየተከራከረ ሊያስከብረው አይችልም። በዓለም ደረጃም የተዋንያን ማኅበራት ትግል ዋና ጉዳይ ይህ ከሆነ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ቤጂንግ ላይ የጸደቀው የምስልና ድምፅ ክዋኔዎች ስምምነት በ2020 ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀደም ብሎም በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ቤልግሬድ ላይ ያወጣው የአርቲስቱን ደረጃ የሚመለከት ምክረ ሐሳብ፣ ከያኒያን በሠራተኛ ማኅበርና በሙያ ማኅበር የመደራጀት መብታቸው እንዲጠበቅ ጠይቆ ነበር። እንግዲህ የደሴው ተዋናይ የሚጠይቀው ዓለም ያላወቀው አዲስ ነገር አይደለም።

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ፣ ወደ አሠሪው ማንነት እንመለስ። በሁለቱ ከተሞች ከያኒ ከሚጋብዙት መካከል ሆቴሎች፣ የፕሮሞሽን ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሉ። ከነዚህ ጋር ግን በኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞች ማኅበራት ራሳቸው ሊቆጠሩ ይገባል። ለሚያዝያ 23 ዝግጅት የሚያዋቅሩት ኮሚቴ ተዋናይ ሲጠራ፣ ለዚያች ዕለት አሠሪ ይሆናል! የኅብረት ስምምነት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ኮሚቴ፣ የራሱን የበዓል ቀን ትርፍ ሰዓት በ2.5 አባዝቶ የሚቀበል ኮሚቴ፣ ለተዋናዩ “ለሻይ” ብሎ በፖስታ የሚሰጥ ከሆነ ስለ ሌላው አሠሪ ምን አፍ አለው? አዲሱ የተዋንያን ማኅበር የውል ቅጹን በመጀመሪያ ይዞ መሄድ ያለበት ወደ ነጋዴው አይደለም፤ ወደ እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ነው። እነርሱ ከፈረሙ በኋላ ሆቴሉ “እንዲህ ያለ ውል አይተን አናውቅም” ሊል አይችልም።

ቅጹ ረጅም መሆን የለበትም። የልምምድ ቀናት ይቆጠሩ፤ ይከፈልባቸው። ከፊል ክፍያ መጋረጃው ሳይከፈት ይሰጥ። ዝግጅቱ ቢሰረዝ ምን ያህል እንደሚከፈል ይጻፍ። ምሽቱን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ መመለሻ ትራንስፖርት በጋባዡ ይሁን፤ በተለይ ተዋናይቷ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ቆማ መኪና የምትለምንበት ሁኔታ በአንድ መስመር ይከልከል። በመድረክ ላይ ወድቆ የተጎዳ ሰው የሕክምናው ወጪ የማን እንደሆነ ይታወቅ። መቅረጽ የሚቻለው በጽሑፍ በተሰጠ ፈቃድ ብቻ ይሁን። ይህን ለመጻፍ አንድ ገጽ ይበቃል።

ገጹን ለማስመዝገብ የሚያስፈልገው ደግሞ መተዳደሪያ ደንብና የአባላት ስም ዝርዝር ተይዞ ወደ ክልሉ የሥራ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መቅረብ ነው፤ ከዝርዝሩ ላይ አሥር ስም መኖር አለበት። ዘጠኝ ከሆኑ ሕጉ አያውቃቸውም። የሚያመነታው ተዋናይ እስክሪብቶውን ይዞ ሲያስብ ከርሱ በላይ የተጻፉትን ስሞች ይቍጠር።